ዴኒስ ዓሣ ሁሉ ወንድ ከሆነ እንቁላሉን ማን ይጥላል?

ጠያቂ (ከአሽዶድ፣ እስራኤል)
ጤና ይስጥልኝ። ዓርብ ዓርብ ዴኒስ እየገዛሁ ዓሣውን ቤቴ ውስጥ አጸዳለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን አንድም ቀን ሆዱ ውስጥ እንቁላል አላገኘሁም። ዓሣ ሻጩን ብጠይቃቸው «ሁሉም መጀመሪያ ወንድ ነው፣ ኋላ ሴት ይሆናል» አሉኝ። እውነት ነውን?

መልስ 1
ሰውየው አልቀለዱብዎትም። ዴኒስ በሜዲትራኒያን ጠረፍና በምሥራቅ አትላንቲክ ዳርቻ የሚኖር፣ ዛጎላቸው የጠነከረ ፍጥረታትን በጥርሱ እየሰባበረ የሚበላ ዓሣ ነው። በ1 ወይም በ2 ዓመቱ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሲረዝም፣ ወንድ ሆኖ ለመራባት ይደርሳል፤ በ2 ወይም በ3 ዓመቱ ደግሞ ከ33 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወደ ሴትነት ይለወጣል። ማርቢያ ውስጥ ያደገው ግን 350 ወይም 400 ግራም እንደሞላ ለገበያ ስለሚወጣ፣ እርስዎ የሚገዙት ገና ጎረምሳውን ነው።

መልስ 2
«ሁሉም» የሚለው ቃል ግን መታረም አለበት፤ ወንድ ሆነው የሚቀሩም አሉና። ዓሣው ከመነሻው በአንድ የመራቢያ አካል ውስጥ የወንድም የሴትም ክፍል ይዞ ያድጋል። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ የወንዱ ክፍል እየሟሸሸ የእንቁላሉ ክፍል ማደግ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ አንዳንዱ በዚያው ገፍቶ ሴት ሲሆን፣ አንዳንዱ ተመልሶ ለሚቀጥለውም ዓመት ወንድ ሆኖ ይቆያል። እጅግ የሚገርመኝ፣ አብረውት ያሉት ዓሦች በዚህ ላይ ያላቸው ድርሻ ነው፦ ወጣት ወንዶች ሲቀላቀሉ ከትልልቆቹ ብዙዎቹ ሴት ይሆናሉ፣ ያረጁ ሴቶች ባሉበት ግን የታናናሾቹ ለውጥ ይቀንሳል። ስለዚህ አርቢዎች የእናትና የአባት ዓሦችን ዕድሜ ሳያመጣጥኑ ጫጩት ማግኘት ይቸግራቸዋል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ግን ለምን ወንድነት ይቀድማል?

መልስ 2
ወንዱ ትንሽ ቢሆንም በቂ ዘር ያመነጫል፤ የእንቁላል ብዛት ግን በአካል ግዝፈት ይወሰናል። አንዲት ሴት ዴኒስ እስከ 4 ወር ድረስ በየቀኑ ከ20,000 እስከ 80,000 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። በዐረብ አገር ያላችሁ የምታውቁት ሃሙር የተባለው ዓሣ ሴት ሆኖ ጀምሮ ኋላ ወንድ ስለሚሆን የዚህ ተቃራኒ ነው። እንቁላሉን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከባሕር የተጠመደ፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ዴኒስ ይፈልጉ፤ እኔ ግን ያችን እናት ከምገዛ ጎረምሳውን ብበላ ይሻለኛል።