ትምህርት ላይ እያለሁ የሕክምና ልምድ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፣ ከቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁም። አሜሪካ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ሃይስኩል እዚህ ጨርሼ አሁን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነኝ። ነርሲንግ መማር እፈልጋለሁ፤ ገና ፕሪሪኩዚት፣ ማለትም ነርሲንግ ከመግባት በፊት የሚወሰዱት ኮርሶች ላይ ነኝ። ያገኘሁት ሰው ሁሉ «ልምድ ያስፈልግሻል» ይለኛል። ልምዱ የት እንደሚገኝ ግን የሚነግረኝ የለም። እናቴ «ሲኤንኤ ውሰጂ» ትላለች፤ የነርስ ረዳትነት ሥልጠናውን ማለቷ ነው። አክስቴ ደግሞ «ሽማግሌ ስታጥቢ ልትኖሪ ነው? ዝም ብለሽ ትምህርትሽን ጨርሺ» ትለኛለች። አንድ ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ለመሥራት ፎርም ሞልቼ ነበር፤ እስካሁን ድምፃቸውም የለ። ያለፋችሁበት እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፣ ከሜሪላንድ

እህቴ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። አክስትሽም ግማሽ ልክ ናቸው፤ ወደ እሳቸው እመጣለሁ። እኔ ነርስ ነኝ፤ የገባሁትም በሲኤንኤ በር ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንጨርስ። ለሲኤንኤ የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 16ቱ በአሠልጣኝ ክትትል የሚሠራ የተግባር ሥራ ነው። ስቴቶች ከዚህ በላይ መጠየቅ ይችላሉ፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ 160 ሰዓት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በስቴትሽ የጸደቀ መሆኑን በነርሲንግ ቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ሳታረጋግጪ ሰባራ ሳንቲም እንዳትከፍዪ። ፌስቡክ ላይ «በአጭር ጊዜ እናስጨርሳለን» የሚል ሞልቷል።

ብዙ የእኛ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚባለውን የመንግሥት የጤና መድን የሚቀበል ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) በሲኤንኤነት ቀጥሮሽ ከሆነ፣ ወይም ሊቀጥርሽ ቃል ገብቶልሽ ከሆነ፣ የሥልጠናውንም ሆነ የፈተናውን ወጪ አንቺን ማስከፈል አይችልም። በኪስሽ ከፍለሽ ተምረሽ በ12 ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ከተቀጠርሽም፣ በሠራሽው ጊዜ ልክ እየታሰበ ገንዘብሽ ሊመለስልሽ ይገባል። ይሄ ሕግ ነው፤ የማንም ውለታ አይደለም። ደረሰኝሽን አትጣዪ። ማዕረጉን ካገኘሽ በኋላ ደግሞ 24 ወር በተከታታይ በሙያው በክፍያ ካልሠራሽ፣ እንደገና ሠልጥኚ ወይም ተፈተኚ መባል ይመጣል።

አሁን «ሽማግሌ ማጠብ» ወደተባለው እንምጣ። እኔን ነርስ ያደረገኝ እሱ ነው ብል አላጋንንም። ጠዋት አንዲት የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናት ስታጥቢ ቆዳቸውን ከራስ እስከ እግር የምታዪው አንቺ ነሽ። ዶክተሩ አያየውም። ነርሷም በዚያ ሰዓት መድኃኒት ስታከፋፍል ነው የምትውለው። ተረከዛቸው ላይ ቀላ ያለ ነገር ካየሽ በጣትሽ ጫን ታደርጊዋለሽ። ሲጫን ነጣ ብሎ ቢመለስ ደህና ነው። ካልነጣ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ነው ማለት ነው፤ ወዲያው ለነርሷ ትነግሪያለሽ። እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጅሽ ትዳስሻለሽ፤ ቦታው ከአካባቢው ይልቅ ይሞቃል? ይጠጥራል? ይላላል? ሕመም አለው? ይሄን በመጽሐፍ አንብቦ የመጣ ተማሪና እጁ የሚያውቀው ተማሪ ክሊኒካል፣ ማለትም የነርሲንግ ትምህርቱ የተግባር ልምምድ ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ይለያሉ።

ትንፋሽ መቁጠርም እንዲሁ ነው። ሲያዩት ቀላል ነው። ግን «አሁን ትንፋሽዎን ልቆጥር ነው» ካልሻቸው አተነፋፈሳቸው ወዲያው ይለወጣል። ስለዚህ የእጃቸውን ምት ቆጥረሽ ስትጨርሺ እጃቸውን አትለቂም። ያንኑ እየቆጠርሽ እንዳለሽ ሆነሽ ዓይንሽን ወደ ደረታቸው ትወስጂና ሙሉ አንድ ደቂቃ ትቆጥሪያለሽ። ፈተናው ላይ የሚጥሉሽም እንዲህ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ የዊልቸር ፍሬን አለመያዝ፣ አልጋውን ዝቅ ሳያደርጉ መሄድ፣ የመጥሪያውን ደወል እጃቸው በማይደርስበት መተው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ራስሽን ታውቂያለሽ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰው ሲሰድቡሽ፣ ሲቧጥጡሽ፣ ትናንት ያጎረስሻቸው ሰው ዛሬ አልጋቸው ባዶ ሆኖ ስታገኚው፣ ይሄን ትችዪዋለሽ ወይ? የማይችል ሰው መጥፎ ሰው አይደለም። ግን በብዙ ሺህ ዶላር ዕዳ ከተዘፈቁ በኋላ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻላል።

ሆስፒታሉ ስላልመለሰልሽ አትከፊ። ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኛ የሚቀበሉት በዙር ነው፤ ከሰመር በፊት ደግሞ የሃይስኩል ልጆች ይሞሉባቸዋል። ይልቅ ሆስፒስ ሞክሪ። በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ላሉ ሰዎች እንክብካቤ የሚሰጥ ድርጅት ማለት ነው። ሜዲኬር የሚከፍለው ሆስፒስ ከታካሚ እንክብካቤ ሰዓቱ ቢያንስ 5 በመቶ የሚሆነውን በበጎ ፈቃደኞች ማሟላት አለበት። ግዴታቸው ስለሆነ ሁሌም ሰው ይፈልጋሉ፤ ሥልጠናውንም ራሳቸው ይሰጡሻል። ኢሜይል ልከሽ አትቀመጪ፤ ደውለሽ «የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ» በዪ።

ሌላው በር አማርኛሽ ነው። እናትሽን ሐኪም ቤት ይዘሽ ስትሄጂ የምታስተረጉሚው አንቺ ነሽ ብዬ ልገምት። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። ስለዚህ ሥራው አለ። 18 ዓመት ከሞላሽና ቢያንስ የ40 ሰዓት የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና ከወሰድሽ፣ ሲሲኤችአይ የሚባለው አካል የሚሰጠውን ኮርሲኤችአይ የተባለ ፈተና ለመውሰድ መንገዱ ይከፈትልሻል፤ ይህኛው ለየትኛውም ቋንቋ ተናጋሪ ክፍት ነው። ሥራው ግን ቤት ውስጥ እንደለመድነው አይደለም። ዶክተሩ «ካንሰር ነው» ሲል እኛ ቤት «ትንሽ እብጠት አለች፣ መድኃኒት ይሰጡሻል» ተብሎ ይታለፋል፤ ለእናት ታዝኖ ነው። አስተርጓሚ ሆነሽ ያን ማድረግ አትችዪም። የተባለውን ሁሉ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ፣ በተናገረው ሰው አፍ ሆነሽ ትናገሪያለሽ። እኔ ብዙ ነርሶች ከዓመታት በኋላ የሚማሩትን ነገር፣ መጥፎ ዜና እንዴት እንደሚነገር፣ ያየሁት እዚያ ቁጭ ብዬ ነው።

አሁን አክስትሽ። እሳቸው የፈሩት ነገር እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን በሌላ ነው የነገሩሽ። የሚያስቀረን ሥራው ዝቅ ያለ መሆኑ አይደለም፤ ዶላሩ ነው። ደብል ሺፍት ይመጣል፣ አገር ቤት የሚላክ አለ፣ ኦቨርታይም ይጣፍጣል። ማታ ሠርታ ጠዋት ማይክሮባዮሎጂ ክፍል የምታንቀላፋ ስንት ልጅ አይቻለሁ! የነርሲንግ ፕሮግራሞች የአናቶሚና የማይክሮባዮሎጂ ውጤትሽን እንዲሁም ቲስ ወይም ሄሲ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ያያሉ። ብዙዎቹ አንድን ኮርስ ስንቴ መድገም እንደሚቻል ይገድባሉ። የቆየ የሳይንስ ኮርስ የማይቀበሉም አሉ፤ አምስት ወይም ሰባት ዓመት ካለፈው ድገሚው ይሉሻል። ስለዚህ ለጊዜው ልሥራ ብለሽ ገብተሽ ስትነቂ ፕሪሪኩዚትሽ ጊዜው አልፎበት እንዳታገኚው። የእኔ ምክር ቅዳሜና እሑድን ብቻ ወይም ፐርዲየም፣ ማለትም ሲያስፈልግ እየተጠራሽ መሥራት ነው። ሴሚስተር ሲዘጋ ጨምሪ። አገር ቤት ያሉትንም «እስክጨርስ ታገሡኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ሆስፒታል መቀጠር ከቻልሽ ደግሞ የትምህርት ክፍያ ድጋፍ አላቸው ወይ ብለሽ ጠይቂ። አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለትምህርት ቢከፍልልሽ ታክስ የለበትም፤ ብዙ ሆስፒታሎችም በዚህ ይጠቀማሉ። ሠራተኛው የማይጠይቅ ከሆነ ግን ማንም መጥቶ አይነግረውም።

አስተያየት፣ ከሚኔሶታ

ሁሉም ሰው ነርስ ይሁን እንዴ? እኛ ሰፈር ልጅ ሲወለድ ስቴቶስኮፕ ሊሰጡት ምንም አልቀራቸው። እኔ የራጅ ቴክኖሎጂስት ነኝ፤ ትምህርቱ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የአሶሺየት ዲግሪ ነው፣ ከዚያ ኤአርአርቲ የሚባለው የሙያ ማረጋገጫ ፈተና። የመተንፈሻ ቴራፒስት አለ፣ አልትራሳውንድ አለ፣ ላቦራቶሪ አለ። እህታችን ሲኤንኤ ብትገባ ጥሩ ነው። ግን በምሳ ሰዓቷ ወረድ ብላ ራጅ ክፍል ምን እንደሚሠራ ትይ። ደም ማየት የማይወድ ጎበዝ ልጅ ነርሲንግ ላይ ሲሰቃይ ማየት ሰልችቶኛል።

ጥያቄ፣ ከቴክሳስ

እኔ አባት ነኝ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ እየተማረ ነው፤ ዶክተር መሆን ይፈልጋል። ለሜዲካል ስኩልም ይሄ ሲኤንኤ የምትሉት ይረዳዋል? ወይስ ዶክተር ተከትሎ መዋል ነው የሚሻለው?

መልስ፣ ከሜሪላንድ

ጋሼ፣ ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ የሚያሳዩት ነገር ግን ለየቅል ነው። ሐኪም ተከትሎ መዋል፣ እዚህ ሻዶዊንግ የሚሉት፣ የዶክተሩ ቀን ምን እንደሚመስል ያሳየዋል። በሽተኛ መንካት ግን የለበትም። ሲኤንኤ፣ ኢኤምቲ (የአምቡላንስ ሠራተኛ) ወይም የሐኪም ማስታወሻ ጸሐፊነት ደግሞ ከበሽተኛው ጋር ያገናኘዋል። ዶክተር ለማግኘት ሩቅ አይሂዱ፤ የራሳችሁን የቤተሰብ ሐኪም ይጠይቅ። እርስዎ ሳይሆኑ እሱ ራሱ ይጠይቅ።

ብዙ ሜዲካል ስኩሎች የሚጠቀሙበት ኤኤምካስ የሚባለው ማመልከቻ እስከ 15 ተሞክሮ ብቻ ነው የሚያስገባው። ከእነዚያም እስከ ሦስት መርጦ በሰፊው ይጽፋል። ስለዚህ እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ከመነካካት አንድ ቦታ ቆይቶ የሚጻፍ ነገር ማግኘት ይሻለዋል። ሐሳቡን ቀይሮ ፒኤ (የሐኪም ረዳት) ልሁን ካለ ደግሞ የእነሱ ማመልከቻ በሽተኛ የነኩበትን ሰዓትና እንዲሁ ሕክምና ተቋም ውስጥ የሠሩበትን ሰዓት ለየብቻ ይጠይቃል። ፊት ለፊት ዴስክ ላይ ስልክ ማንሳት ሁለተኛው ውስጥ ነው የሚገባው። ሰዓቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመዝግብ፤ ያየውንም በማስታወሻ ይያዝ። የበሽተኛ ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ ማንነቱን የሚጠቁም ነገር ግን አይጻፍ። ፎቶማ በፍጹም! ዩኒፎርም ለብሶ ኮሪደር ላይ የተነሳው ሰልፊ ጀርባ ላይ በሽተኛ ታይቶ ሥራውን ያጣ ልጅ አውቃለሁ። የበሽተኛን ምስጢር የሚጠብቀው የ1996ቱ ሂፓ የሚባለው የአሜሪካ ሕግ ቀልድ የለውም።

ጥያቄ፣ ከኦሃዮ

እኔ በኤፍ 1፣ በተማሪ ቪዛ ነኝ። እኔስ?

መልስ፣ ከሜሪላንድ

ወንድሜ፣ አንተ ጥንቃቄ ያስፈልግሃል። ትምህርት እየተካሄደ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ትችላለህ፤ የዩኒቨርሲቲህ ክሊኒክ ወይም ላቦራቶሪ ካለ እዚያ ጠይቅ። ከግቢ ውጭ ያለ ፈቃድ በክፍያ መሥራት ቪዛህን ያበላሻል። ለወዳጅ ተብሎ በካሽ ሽማግሌ መጠበቅም ሥራ ነው፤ እሱንም ቢሆን እንዳትሞክረው። በጎ ፈቃድ ይቻላል፤ ቦታው ግን ድሮም ማንም የማይከፈልበት መሆን አለበት። ከመጀመርህ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮህን ጠይቅና መልሱን በኢሜይል ያዝ።

ጥያቄ፣ ከቨርጂኒያ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሆስፒስ ደውዬ ነበር፤ ኦሬንቴሽን ቀጠሩኝ። የክትባት ወረቀትና የቲቢ ምርመራ አምጪ አሉኝ። አገር ቤት የተከተብኩት ወረቀት ግን ጠፍቷል።

መልስ፣ ከሜሪላንድ

ጎሽ! ወረቀቱ ቢጠፋም ችግር የለውም። ለኩፍኝና ለጉድፍ ደምሽን መርምረው መከላከያው እንዳለሽ ያያሉ፤ ካለሽ በቂ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ካልወሰድሽ ግን ዛሬውኑ ጀምሪ። የተለመደው የሦስት ዙር ክትባት ስድስት ወር ይፈጃል፤ የነርሲንግ ትምህርት ቤትም መጠየቁ አይቀርም። ተቀጥረሽ ከደም ጋር የሚያገናኝ ሥራ ላይ ከሆንሽ አሠሪሽ በነፃ ሊሰጥሽ ግዴታ አለበት። በጎ ፈቃደኛ ስትሆኚ ግን በራስሽ ወይም በካውንቲ ጤና ቢሮ ነው።

ስለ ቲቢ ደግሞ ስሚኝ። ልጅ ሆነሽ ቢሲጂ ተከትበሽ ከሆነ፣ ክንድሽ ላይ ጠባሳዋ ካለች፣ ቆዳ ሥር የሚወጋው ምርመራ ቲቢ ሳይኖርሽም አብጦ ሊያስደነግጥሽ ይችላል። በደም የሚሠራውን ምርመራ ጠይቂ፤ ኳንቲፌሮን በያቸው፣ ቢሲጂ ተከትቤያለሁ በዪ። እሱም ፖዘቲቭ ቢል አትደንግጪ፤ የደረት ራጅ ያነሱሻል፣ የተኛ ቲቢ ከሆነም መድኃኒት አለው። ውጤቱን ኮፒ አድርገሽ አስቀምጪ፤ ሲኤንኤ ስትመዘገቢም ያንኑ ይጠይቁሻል።