ማሾ ለህንድ ገዢ ልልክ ነው፣ በካድ ልስማማ ወይስ ኤልሲ ልጠይቅ? (ኮምቦልቻ)

ጥያቄ፦ የቃሉ ልጅ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም።

ኮምቦልቻ ውስጥ እህል እነግዳለሁ። ከሐርቡ፣ ከደጋንና ከገርባ ገበሬዎች ማሾ (ትንሿን አረንጓዴ ጥራጥሬ) እሰበስብና አዲስ አበባ ላሉ ላኪዎች አስረክባለሁ። በዚህ ሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ አንድ ዘመዴ ሙምባይ ካለ ገዢ ጋር አገናኘኝ። በዋትሳፕ እናወራለን። ናሙና ላክሁለት፣ ወደደው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ጫንልኝ ብሏል። ክፍያው በካድ ይሁን ይላል፣ ማለትም ዕቃው ከተጫነ በኋላ ሰነዱ በባንክ ሲደርሰው ሊከፍል። ስለ ቀረጥ ስጠይቀው «ኢትዮጵያ ብሪክስ ገብታለች፣ ቀረጥ የለም፣ አንተ ብቻ ቶሎ ጫን» አለኝ።

የብሪክሱ (ህንድም ያለችበት የአገሮች ማኅበር) ነገር እውነት ነው? ካድስ ያዋጣኛል ወይስ ኤልሲ (የገዢው ባንክ የሚገባውን የክፍያ ዋስትና) ልጠይቅ? ያለኝ ፈቃድ የአገር ውስጥ የእህል ንግድ ነው፣ በእሱ መላክ እችላለሁ? ሁለት ኮንቴይነር ማለት ወደ 480 ኩንታል ነው። ያለኝ ገንዘብ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ የባለቤቴ ወርቅ ሳይቀር። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ትራንዚተር ነኝ፣ ኮምቦልቻ

ከመጨረሻው ልጀምር። በአገር ውስጥ ፈቃድ አትልክም። የላኪነት ፈቃድ ለብቻው ይወጣል። ከውጭ ገዢው ጋር የምትፈራረመውን ውልም ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ማስመዝገብ አለብህ። ከዚያ ከግብርና ባለሥልጣን የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት፣ ምርቱ ለተባይ መከላከያ በጭስ መታጠኑን የሚያሳይ ወረቀት፣ የትውልድ አገር ምስክር ወረቀት ይከተላል።

መንገዱ አያሳስብህ። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርገህ ጅቡቲ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማሾውን መጀመሪያ አዲስ አበባ ወስዶ ከዚያ ወደ ጅቡቲ ከሚያወርደው ሰው በብዙ ትቀላለህ። ባዶ ኮንቴይነር እዚሁ ደረቅ ወደባችን መኖሩን ግን ውል ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ። ከሌለ የመኪናው ሒሳብ ይቀየራል።

መልስ፦ ደሴ ያለሁ ላኪ (ሴት ነኝ)

ወንድሜ፣ አብሽር። ግን ጭነቱን ለጊዜው አቁመው።

ብሪክስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አባል መሆናችን እውነት ነው። አባላቱ ግን እርስ በርስ ቀረጥ የሚያነሱበት ውል የላቸውም። ገዢህ ወይ አያውቅም ወይ እያቻኮለህ ነው። ህንድ ቀረጥ የምታነሳልን በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ላላደጉ አገሮች የሰጠችው የቀረጥ ዕድል አለ፣ እኛም ተጠቃሚ ነን። እሱን ለማግኘት የትውልድ አገር ምስክር ወረቀቱ ለዚያ ዕድል በተዘጋጀው ቅፅ መሞላት አለበት። በተራው ቅፅ ከሄደ የህንድ ጉምሩክ እንደማንኛውም ዕቃ ያስከፍለዋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ወዲህ ነው። ቀረጥና ፈቃድ ለየቅል ናቸው። ህንድ ራሷ ማሾ በብዛት የሚዘራባት አገር ናት። ለገበሬዋ ዋጋ ስትል በሩን አንዴ ትከፍታለች፣ አንዴ ትዘጋለች። እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2022 ማሾን በነፃ ከሚገቡት ዝርዝር አውጥታ «የተገደበ» ከሚባለው ውስጥ አስገባችው። የተገደበ ዕቃ አስመጪው ከመንግሥቱ ፈቃድ ካላወጣ በስተቀር አይገባም። ቀረጡ ዜሮ ቢሆን እንኳ አይገባም። ስለዚህ ዛሬውኑ «ለማሾ ያወጣኸውን የማስገቢያ ፈቃድ ላክልኝ» በለው። ካለው በደቂቃ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል። ምክንያት መደርደር ከጀመረ ማሾህ ሙምባይ አጠገብ ባለው ናቫ ሼቫ ወደብ ላይ ተቀምጦ የሚቀር ነው።

ካድን በተመለከተ፣ እኔ ተቃጥዬበታለሁ። ሽንብራ ልኬ ነበር። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ ገዢው «ገበያው ወርዷል፣ 15 በመቶ ቀንሺልኝ» አለኝ። ኮንቴይነሩ በየቀኑ ቅጣት ይቆጥራል። ልመልሰው ብል ማስመለሻው ከቅናሹ ይበልጣል። አልቅሼ ቀነስኩለት። ያ ሰው ውል ማፍረሱ ነው፣ እኔ ግን ዕቃዬ ወደብ ላይ ቆሞ ላስገድደው አልቻልኩም። ሰነዱን አልወስድም ማለት ብቻ በቂው ነው። የባለቤትህን ወርቅ ስትጠቅስ ያ ቀን ትዝ አለኝ፣ ለዚህ ነው ያስረዘምኩት።

መልስ፦ ባንክ ቤት እሠራለሁ

እህታችን ያለችው ልክ ነው፣ ጥቂት ልጨምር። በካድ ጊዜ ባንክ መልእክተኛ ነው። ሰነዱን ያደርሳል፣ ገዢው ከከፈለ ያስረክባል። ባይከፍል ባንኩ አይጠየቅም። በኤልሲ ግን የገዢው ባንክ ራሱ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። ያውም ሰነድህ ኤልሲው ላይ ከተጻፈው ጋር ከተስማማ ነው። የኩባንያህ ስም አንድ ፊደል ቢዛነፍ፣ የጭነቱ ቀን ቢያልፍ ክፍያው ይጓተታል።

ገዢው ኤልሲ ውድ ነው ካለህ መሃል መንገድ አለ። 30 በመቶውን በቲቲ (በባንክ ቀጥታ ሐዋላ) አስቀድሞ ይላክ፣ ቀሪው በካድ ይሁን። የራሱ ገንዘብ ከገባበት በቀላሉ አይሸሽም። አደራ፣ ዋናውን ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ድርጅቱ የሚሰጠውን የጭነት ሰነድ) በቀጥታ ለገዢው እንዳትልክ። እሱን የያዘ ሰው ዕቃውን ይወስዳል።

የውጭ ምንዛሪውንም አስብበት። በሐምሌ 2016 የወጣው መመሪያ ላኪ ካስገባው ዶላር 50 በመቶውን በሂሳቡ እንዲይዝ ፈቅዷል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል በስምህ የወጣ የወጪ ንግድ ፈቃድ (ባንክ ለየጭነቱ የሚሰጠው) ዶላሩ ሳይገባ ከቀረ ቀጣዩን ፈቃድ ለማግኘት ትቸገራለህ።

መልስ፦ የሐርቡ ገበሬ ልጅ

እኔ ንግዱን አላውቅም። ማሾውን ግን አውቀዋለሁ። ገዢው ናሙናውን የወደደው ራሳ የሚባለው ዝርያ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ፍሬው ትልቅና የሚያብረቀርቅ ነው። 480 ኩንታል ሙሉ ራሳ ከየት ታገኛለህ? ከገበያ ስትሰበስብ ድብልቅ ይመጣል። ናሙናና ጭነት ከተለያዩ ለገዢው ሰበብ ሰጠኸው ማለት ነው። ደግሞ ማሾ በምርት ገበያ የሚገበያይ ምርት ነው። ከገበሬ ሰብስቦ በቀጥታ መጫን እንዴት እንደሚፈቀድ አስቀድመህ አጣራ። የእኛ ማኅበር በዩኒየን (የገበሬ ማኅበራቱ ኅብረት) በኩል ነው የሚያስረክበው። ከዩኒየን ጋር ብትነጋገር አንድ ዓይነት ዘርም ታገኛለህ።

መልስ፦ ናይሮቢ የምኖር የደሴ ልጅ

ለምን ህንድ ብቻ? ኬንያ ውስጥ ማሾ ንዴንጉ ይባላል፣ በየቤቱ ይበላል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ ንግድ ስምምነት ዕቃ መላክ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ነው፣ ከመጀመሪያዎቹ መድረሻዎች አንዷም ኬንያ ናት። እዚህም ያው ነው፣ የስምምነቱ የራሱ የትውልድ አገር ምስክር ወረቀት ከሌለ ቅናሽ የለም። ሞያሌ ድረስ መንገዱ ረጅም ነው፣ ከአዲስ አበባ ብቻ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግን ገዢህን በአካል አይተህ ትመለሳለህ።

የቃሉ ልጅ (ጠያቂው)

አላህ ይስጣችሁ። ገዢውን ፈቃዱን ጠየቅሁት። መጀመሪያ «ችግር የለም» አለ። ደግሜ ስጠይቀው «በሂደት ላይ ነው» አለኝ። 30 በመቶ በቲቲ ስለው እስካሁን አልመለሰልኝም። ጭነቱን አቁሜዋለሁ፣ ወርቁም አልተሸጠም። ሰኞ ደሴ ወጥቼ የላኪነት ፈቃዱን እጀምራለሁ። የሐርቡው ወንድሜ፣ የዩኒየኑን ሰው ታገናኘኛለህ?

የሐርቡ ገበሬ ልጅ

ሰኞ የዩኒየኑ ሰዎች ሐርቡ ናቸው። ደሴን ማክሰኞ አድርገውና መጀመሪያ ወደኛ ውረድ።