ሰባት መምህራን በአንድ ጊዜ ሲጎድሉ ትምህርት ቤቱን እንዝጋ ወይስ ክፍል እየለየን እንቀጥል?

ጥያቄ፦ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ (ደቡብ ወሎ) (ቅዳሜ ሚያዝያ 9 ቀን 2013)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በሐይቅ አካባቢ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። ነገ ከሰዓት በኋላ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጋር ስብሰባ ስላለን፣ ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ነገር ያጋጠማችሁን ሰዎች ምክር መስማት እፈልጋለሁ።

ሃያ አራት መምህራን አሉን። ሦስቱ በምርመራ ኮቪድ እንዳለባቸው ተረጋግጧል፤ ምልክቱ የጀመራቸው ሚያዝያ 1፣ 2 እና 4 ቀን ነው። ሁለቱ ከታመሙት ከአንደኛው ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተው ይኖሩ ስለነበር ከሚያዝያ 5 ጀምሮ ተለይተው እንዲቆዩ ተነግሯቸዋል። አንዲት መምህርት ሳልና ትኩሳት ስላላት ናሙናዋ ወደ ደሴ ተልኮ ውጤት እየጠበቀች ነው። ሰባተኛው ጋሼ አልታመሙም፤ ነገር ግን የስኳር ሕመም ስላለባቸው ፈርተው ቀርተዋል፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

ከሰባቱ ሦስቱ የመጀመሪያ እርከን መምህራን ናቸው፤ ማለትም 2ኛ፣ 3ኛና 4ኛ ክፍልን ሁሉንም የትምህርት ዓይነት ይዘው የሚያስተምሩ ስለሆኑ፣ እነርሱ ሲቀሩ ክፍሉ እንዳለ ባዶ ይሆናል። ከቀሩት አንዱ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ብቸኛ የሒሳብ መምህር ነው። እንደምታውቁት ከጥቅምት ወዲህ እያንዳንዱን ክፍል ለሁለት ከፍለን፣ በአንድ ክፍል ከ25 ተማሪ ሳናስበልጥ ቀን እያቀያየርን ነው የምናስተምረው፤ ስለዚህ አንድ መምህር ሲጎድል የሚጎዱት ሁለት ምድቦች ናቸው።

በመምህራን መካከል ሦስት ዓይነት አሳብ አለ። አንዳንዶቹ እስከ ፋሲካ ድረስ ሁለት ሳምንት ጨርሰን እንዝጋ ይላሉ። ሌሎቹ ድሮ መምህር ሲቀር እንደምናደርገው ክፍሎቹን አጣምረን እንቀጥል ይላሉ። ጥቂቶች ደግሞ የክፍል አለቃ ማስታወሻ በሰሌዳ ላይ እየጻፈ ተማሪው ይገልብጥ ብለዋል። እኔ ወደ መጀመሪያው አሳብ አዘነብላለሁ፤ ግን በ2012 በኮቪድ ምክንያት ትምህርት የተዘጋበትን ጊዜ ሳስታውስ እጄ ይከብደኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በመጋቢት መጨረሻ ገደማ የአንድ ባልደረባችን አባት አርፈው ስለነበር አሥራ አንድ ሆነን በአንድ ሚኒባስ ለቅሶ ደርሰናል። ከታመሙት ሦስቱም በዚያ መኪና ውስጥ ነበሩ።

መልስ፦ ርዕሰ መምህር፣ በመርሳ መስመር

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ማጣመር የሚለውን አሳብ ከጠረጴዛው ላይ ያንሱት። መምህር ሲቀር ሁለት ክፍል ማጣመር የኛ የኖረ ልማድ ነው፤ ማንም ሳያስበው እጁ የሚሄደው ወደዚያ ነው። አሁን ግን ክፍሉን ለሁለት የከፈልነው ልጆቹ እንዲራራቁ ሆኖ ሳለ፣ መምህር ታመመ ብለን መልሰን አምሳ ልጅ በአንድ ክፍል ከሰበሰብን፣ በሽታውን ምክንያት አድርገን ለበሽታው በር ከፈትንለት ማለት ነው። ክፍሉ ቤቱ ቢውል ከዚህ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ «ሁለት ሳምንት» የሚለውን ቃል ከየት እንደሚቆጥሩት በደንብ ይመልከቱ። የታመመ ሰው የሚቆየው ምልክቱ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ነው፤ እናንተ ስብሰባ ከተቀመጣችሁበት ቀን አይደለም። በዚህ በ2013 በሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምልክት ከታየ በኋላ አሥር ቀን፣ በዚያም ላይ ያለ ምልክት የሚያልፉ ቢያንስ ሦስት ቀናት ነው የሚለው። በዚህ ስሌት ሦስቱ ታማሚዎች በጊዜው ከዳኑ ሚያዝያ 14፣ 15 እና 17 ላይ ይጨርሳሉ፤ ሰኞ ሚያዝያ 18 ሥራ ሊገቡ ይችላሉ። ሁለቱ ተለይተው የቆዩት ደግሞ ካልታመሙ አሥራ አራት ቀናቸው ሚያዝያ 19 ይሞላል። የመምህርቷ ውጤት ነጻ ከሆነ ትኩሳቱ እንደለቀቃት ትመለሳለች። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ችግር የሁለት ሳምንት ሳይሆን የአንድ ሳምንት ከጥቂት ቀን ችግር ነው። እስከ ፋሲካ ቢዘጉ ሁለተኛውን ሳምንት የሚዘጉት ጤነኛ መምህራን ቤታቸው ተቀምጠው ነው።

ይህን የምለው እኛ በየካቲት ይህንኑ ስሕተት ስለሠራን ነው። አምስት መምህር ሲታመምብን ደንግጠን ትምህርት ቤቱን በሙሉ ዘጋን፤ «ቅዳሜ ቅዳሜ እናካክሳለን» ብለንም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጻፍን። እስኪ በእናንተ ቀን እንቁጠረው። ከሚያዝያ 11 እስከ 22 ያሉት አሥር የሥራ ቀናት ስቅለት ሲቀነስ ዘጠኝ ይሆናሉ። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ብንል 54 ክፍለ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ላይ ከአራት ክፍለ ጊዜ በላይ ማስተማር አይቻልም፤ ገበያም አለ፣ ከብትም አለ። 54 ለአራት ሲካፈል አሥራ ሦስት ቅዳሜ ተኩል ይመጣል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ከሚያዝያ 30 እስከ ሰኔ 26 ያሉት ቅዳሜዎች ዘጠኝ ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ምድብ ያጣው ግማሹን ብቻ ነው ቢባል እንኳ፣ ሁለቱ ምድቦች በየተራ መምጣታቸው ስለማይቀር ቁጥሩ ተመልሶ ያው ነው። እኛም ቃላችንን አልፈጸምንም። ያካካስነው አራት ቅዳሜ ነው፤ የቀረው በወረቀት ላይ ቀረ።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። 2ኛ፣ 3ኛና 4ኛ ክፍል ለአንድ ሳምንት ቤታቸው ይቆዩ፤ ከጉድኝት ማዕከሉ (አጎራባች ትምህርት ቤቶችን ከሚያስተባብረው) ሱፐርቫይዘር ጋር ተነጋግረው ለእነዚህ ክፍሎች የሚሆን መልመጃ ከመማሪያ መጽሐፉ ላይ ገጽ ጠቅሰው በወላጅ እጅ ይላኩ። ከ5ኛ ክፍል በላይ ግን መምህር የሚቀያየር ስለሆነ አንድ ሲጎድል የሚጎድለው አንድ ትምህርት ብቻ ነውና ይቀጥሉ፤ የጎደለውን ክፍለ ጊዜ ያሉት መምህራን በራሳቸው ትምህርት ይሙሉት፣ የታመሙት ሲመለሱ ተራውን ይመልሱላቸዋል። 8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ስላለበት እርሱ ከምንም በፊት ይቀመጥ። የክፍል አለቃ ማስታወሻ ይጻፍ የሚለው ልጆቹን ግቢ ውስጥ ከማቆየት በቀር ጥቅም የለውም።

መዝጋቱም ሆነ ክፍል ማሳረፉ በርዕሰ መምህር ፊርማ ብቻ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ይዘው ሰኞ በማለዳ ወረዳውን ያሳውቁ።

መልስ፦ የሁለተኛ እርከን መምህር፣ ወልድያ

ከላይ የተሰጠው ምክር በቁጥር ረገድ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን የቀሩት አሥራ ሰባት መምህራን በቁጥሩ ውስጥ የሉበትም። «ያሉት መምህራን ይሙሉት» ማለት ቀላል ነው። እኛ ዘንድ የታመሙትን ክፍለ ጊዜ ስንሸፍን በቀን ስድስቱንም ክፍለ ጊዜ ያለ ዕረፍት ያስተማርን ሰዎች ነበርን፤ በማስክ ውስጥ እየጮኸ የሚያስተምር ሰው ምን ያህል እንደሚደክም ያስተማረ ያውቀዋል፤ አሁን ደግሞ ክርስቲያኑም እስላሙም ጾመኛ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከሸፋኞቹ መካከል ሁለታችን ታመን ቀረን። ድካሙ አመጣው አልልም፤ ግን «ትንሽ ጉሮሮዬን አሞኛል» የሚል መምህር ሥራው በሌላ ሰው ላይ እንዳይጫን ብሎ አሞት እንደሚመጣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ሽፋኑ ሲመደብ አንድ ሰው በቀን ከአምስት ክፍለ ጊዜ እንዳያልፍ በጽሑፍ ይወሰን፤ የቀረው ክፍለ ጊዜ ባዶ ይሁን፣ ልጆቹም ቀደም ብለው ይሂዱ።

መልስ፦ የጤና መኮንን፣ ደሴ

ጠያቂው መጨረሻ ላይ እንደ ዘበት የጨመሩት የሚኒባሱ ነገር ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ መረጃ ነው። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክት የሚታየው ብዙውን ጊዜ በአምስት ወይም በስድስት ቀን ነው፤ እስከ አሥራ አራት ቀንም ሊቆይ ይችላል። ሦስቱም በአራት ቀን ውስጥ ተከታትለው መታመማቸው፣ ሦስቱም በአንድ የተዘጋ መኪና ውስጥ ረጅም መንገድ አብረው መሄዳቸው፣ በሽታው ከተማሪ ወደ መምህር ሳይሆን ከመምህር ወደ መምህር የሄደ እንዲመስል ያደርገዋል። እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ነገር ግን ነገ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት ከዚያ መኪና ከወረዱት ከቀሩት ስምንት ሰዎች ማን ማን ሳል፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም ሽታ ማጣት አለበት የሚለው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር አለ። ሰው ምልክት ከመታየቱ ሁለት ቀን ገደማ አስቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል። ስለዚህ ክፍሎቹ ሲታሰቡ የመጀመሪያ እርከንና የሁለተኛ እርከን ልዩነት ከሠራተኛ ብዛት ብቻ አይታይም። የ3ኛ ክፍል መምህርት የተገናኘችው ከራሷ ሁለት ምድብ ልጆች ጋር ነው፤ የሒሳቡ መምህር ግን ታምሞ ከሆነ 7ኛንም 8ኛንም ዞሯል። ከታመሙት መካከል ምልክት ሊጀምረው ሁለት ቀን ሲቀረው ጀምሮ ያስተማረ ካለ፣ የገባባቸው ክፍሎች ተማሪዎች ወላጆች ይነገራቸው።

መምህራን የሚጠነቀቁት ክፍል ውስጥ ነው፤ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ የሚያወርዱት መምህራን ማረፊያ ክፍል ሲገቡ ነው። በጾሙ ምክንያት ቡናው ቆሞ ይሆናል፤ ከበዓሉ በኋላ ግን ከአቦል እስከ በረካ ይመለሳል። ማረፊያ ክፍሉን ቆልፋችሁ ከዛፍ ሥር ተቀመጡ። ታማሚ ለመጠየቅ በቡድን አትሂዱ፣ ደውሉ። ትምህርት ቤቱን ዘግታችሁ ሁላችሁም በቅሬ (በዕድር) ድንኳን ውስጥ የምትገናኙ ከሆነ የተዘጋው ትምህርቱ ብቻ ነው። ከሌላ ትምህርት ቤት መምህር መዋስ የሚል አሳብ ከተነሣም አልመክርም፤ በሁለት ትምህርት ቤት የሚመላለስ ሰው በሽታውንም ሊያመላልሰው ይችላል።

የስኳር ሕመም ስላለባቸው ጋሼ፦ ፍርሃታቸው ተገቢ ነው። የኮቪድ ክትባት መጋቢት 4 ቀን 2013 በጤና ባለሙያዎች የተጀመረ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው የገፋና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቀጣዩ ተራ የእነርሱ ነው፤ የክትትል ካርዳቸውን ይዘው በአቅራቢያቸው ያለውን ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። እስከዚያው ግን ፈተና ማዘጋጀትና ማረምን የመሰለ ቤት የሚሠራ ሥራ ይሰጣቸው። ከታመሙት አንዳቸው የመተንፈስ ችግር ከጀመራቸው ደግሞ ጠዋት ይነጋል አይባልም፤ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም።

መልስ፦ የተማሪዎች እናት፣ ኮምቦልቻ

እኔ መምህር አይደለሁም፤ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ባለፈው ጥር የልጄ ትምህርት ቤት መምህራን ታመውበት ልጆቹን በአራት ሰዓት ወደ ቤት መለሳቸው። ማንም አልደወለልኝም። የ2ኛ ክፍል ልጄ እኔ እስክመለስ ድረስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ስለዚህ ክፍል ታሳርፋላችሁም ትዘጋላችሁም፣ ከአንድ ቀን በፊት ንገሩን፤ የምትመለሱበትንም ቀን ቁርጡን ንገሩን። «እስክናሳውቅ ድረስ» የምትለዋ ቃል ብዙ ቤት አፍርሳለች። በ2012 መጋቢት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ለሁለት ሳምንት ነው ተብሎ ነበር፤ የጎረቤቴ ልጅ ያኔ 7ኛ ክፍል ነበረች፣ በክረምቱ ወደ ዓረብ አገር የሚወስድ ደላላ ቤታቸው ተመላለሰ፣ በጥቅምት ሲከፈት እሷ አልነበረችም። ሬዲዮ ትምህርት አለ ቢባልም የትኛው ቤት ሬዲዮ አለ፣ የትኛውስ ልጅ ተቀምጦ ይሰማል? ትልልቆቹን ልጃገረዶች የያዙትን ክፍሎች ያለ ቁርጥ ቀን አታሰናብቱ።

የጠያቂው መልስ (ሰኞ ሚያዝያ 11፣ ማታ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ስብሰባው ከአራት ሰዓት በላይ ፈጀ። 2ኛ፣ 3ኛና 4ኛ ክፍል እስከ ዓርብ ሚያዝያ 15 ቤታቸው እንዲቆዩ፣ ሰኞ ሚያዝያ 18 እንዲመለሱ ተወሰነ፤ የመመለሻው ቀን በትልቁ ተጽፎ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ፣ ትናንት ማታም ስም ጠሪ መምህራን ስልክ ላላቸው ወላጆች ሁሉ ደወሉ፤ ስልክ ለሌላቸው በሰፈር ልጆች መልእክት ላኩ። ወረዳውም ዛሬ ጠዋት ተቀብሎታል። ለአንድ መምህር በቀን ከአምስት ክፍለ ጊዜ እንዳይበልጥ የሚለው በቃለ ጉባኤ ገብቷል፤ በዚህ ላይ ትንሽ ተከራክረናል።

ከሚኒባሱ ስምንት ሰዎች አንዱ ሽታ ካጣ ሦስት ቀን እንደሆነው ትናንት በስብሰባው መካከል ተናገረ፤ ዓርብ ዕለት አምስተኛ ክፍል አስተምሯል። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ልከነው ናሙና ሰጥቷል፣ የአምስተኛ ክፍል ወላጆችንም ዛሬ ጠርተን ነግረናቸዋል። ስለዚህ የጎደሉብን አሁን ስምንት ናቸው። ጋሼ ፈተና በማውጣቱ ተስማምተዋል፤ ደስ ብሏቸዋል ማለት እችላለሁ።

የቀረችኝ አንዲት ጭንቀት የ3ኛ ክፍል የውጤት መዝገብ ናት፤ መዝገቡ ያለው በታመመችው መምህርት ቤት ነው። እንዳልሄድ ስለተመከርሁ ማታ ማታ በስልክ ስም እየጠራች ታነብልኛለች፣ እኔም እጽፋለሁ፤ ሳል ሲያቋርጣት እንጠብቃለን። ዛሬ ስም ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ደርሰናል።