ቤሃይም በእውነት «ሆድ አደር» ነበር?

የሸማኔው ወገን፦ ትናንት እዚህ ስለ 15ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ገጣሚ «ሚኸል ቤሃይም ሆድ አደር ዘፋኝ ነበር» የሚል አነበብኩ። በጣም ነው ያናደደኝ። ሰውየው ከሽመና ተነስቶ ነገሥታት ፊት የቆመ ነው። በ1462 የቪየና ሰዎች ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪኽ ሣልሳዊን ከነሚስቱና ከ3 ዓመት ልጁ ጋር ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሲከቡት፣ ቤሃይምም አብሮ ተከቧል። መድፍ ሲያጓራበት ከርሞ ነው ስለ ቪየናዎች ያን ትልቅ መጽሐፍ የጻፈው። ሆድ አደር እንዲህ ያለ ቦታ ምን ይሠራል?

ተሟጋች፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ራሱ «እንጀራውን በላሁ፣ ዘፈኑን ዘፈንኩ» ብሎ የለም እንዴ? ያን ያለው ሃይደልበርግ ሄዶ ለፋልዝ (የጀርመን ግዛት ነው) መስፍን ካደረ በኋላ ነው። መስፍኑና ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ዓይንና ናጫ ነበሩ።

ደብተራ፦ ጀርመንኛው «ዳቦውን» ነው የሚለው። «እንጀራ» ስትሉት ነገሩ ይከብዳል።

የሸማኔው ወገን፦ ይክበድ! እንጀራ ማለት መተዳደሪያም ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ስንኝ ለምን ትዘላላችሁ? መስፍኑ በደመወዝ እንደቀጠረው በግልጽ ተናግሯል። አፉን የሸጠ ሰው ይደብቃል እንጂ አይናገርም።

ተሟጋች፦ ዳቦም በሉት እንጀራ፣ የበላው የሰው ነው።

ደብተራ፦ አሠራሩንም እዩለት። በጭካኔው ስለሚታወቀው የዋላኪያ (የዛሬዋ ሮማኒያ ደቡብ) ገዥ ቭላድ ድራኩላ ከ1,000 ስንኝ በላይ የገጠመው፣ ከቭላድ የሸሸ ያዕቆብ የሚባል መነኩሴ ኦስትሪያ ውስጥ ቪነር ኖይሽታት ከተማ ድረስ እየሄደ ጠይቆ ነው። ክርስቲያኖች በቱርኮች የተሸነፉበትን የ1444ቱን የቫርና ጦርነትም 16 ዓመት በቱርኮች እጅ ከታሰረ ሰው ሰምቶ ነው የዘፈነው።

ተሟጋች፦ የሃንጋሪው ንጉሥ ማቲያስ ቭላድን በ1462 አስሮታል። እስሩን የሚያጸድቅ ወሬ ይፈለግ ነበር።

የሸማኔው ወገን፦ ቤሃይም ያኔ የማቲያስ ሎሌ አልነበረም! ጌታውን እንኳ ሳታጣራ ሆድ አደር ትለዋለህ።

ደብተራ፦ መጨረሻውንም አንርሳ። አገሩ ዙልዝባኽ ተመልሶ ሹም ሆነ፣ እዚያው ሰው ገደለው። የመታሰቢያው የድንጋይ መስቀል ዛሬም አለ።

ተሟጋች፦ አሟሟቱ ያሳዝነኛል። ግን ከግንቡ ውጭ ቆሞ የራሱ አቤቱታ ለነበረው ቪየናዊ ማን ዘፈነለት? እሱን መልሱልኝ።