«ካደናቀፈ ይወጣል»፦ ትርጉሙ ግር ብሎኛል

ወለተ ፊደል፦ ሰላም ለቤቱ። ለወላጆች ወደ አማርኛ የተመለሰ የቤዝቦል ሕግ እንዲህ ይላል፦ «መቺው ቀላቢውን (ከጀርባው ሆኖ ኳስ የሚይዘውን ተከላካይ) ካደናቀፈ ይወጣል።» «ይወጣል» ሲል ከሜዳ ይባረራል ማለት ነው ወይስ ተራው አለቀ? አንባቢ «ልጄን አባረሩት» ብሎ እንዳይደነግጥ ነው።

ሥርወ ቃል፦ «ይወጣል»ን ተይው እህቴ፤ ጣጣው «ካደናቀፈ» ላይ ነው። ደንቃራ እና ዐቀፈ ተጋብተው የወለዱት ቃል ነው። ደንቃራ ደግሞ ሆን ተብሎ ነው የሚጣለው። መቺው ሳያስበው ከሆነ ቃሉ አይሠራም።

የድጓ ተማሪ፦ ጋብቻውን ማን ባረከው? ዳዊት የደገመ ሰው «ከመ ኢትትዐቀፍ በእብን እግርከ» (እግርህን ድንጋይ እንዳያደናቅፈው) የሚለውን ያውቃል። ድንጋይ ሐሳብ አለው እንዴ? እንቅፋት ይመታል እንጂ አያቅድም።

ሆም ፕሌት፦ ሕጉም ከድንጋዩ ጋር ነው። ዳኛው የመቺውን ልብ አይመረምርም። ሯጭ ሁለተኛውን ቤዝ (ማረፊያ) ሊሰርቅ፣ ማለትም ኳስ ሳይመታለት ሊይዝ ሲሮጥ፣ መቺው ኳሱን ስቶ፣ በዱላው ግፊት ተንገዳግዶ ፕሌቱ (አጠገቡ ቆሞ የሚመታበት የሆም ቤዝ ሰሌዳ) ላይ ቢወድቅና የቀላቢውን ውርወራ ቢያሰናክል ሆን ብሎ ባይሆንም ጥፋት ይያዝበታል። መቆሚያ ክልሉ 4 ጫማ በ6 ጫማ ነው፤ ከፕሌቱ 6 ኢንች ይርቃል። እዚያው ቀጥ ብሎ ከቆመ አያስጠይቀውም፤ ብን ብሎ እንዲጠፋ አይጠበቅም። ክልሉ ግን የመማፀኛ ከተማ አይደለም። ውስጡ ሆኖ ወደ ፕሌቱ ቢያጎነብስ ያው ነው።

ሥርወ ቃል፦ እሺ፣ ሐሳቡን ተውኩት። ግን «አደናቀፈ» ለማለት የተደናቀፈ ሰው ያስፈልጋል። ቀላቢው እንደምንም ወርውሮ ሯጩን ቢያስቀር ማን ተደናቀፈ?

ሆም ፕሌት፦ አሁን ገና እንደ ዳኛ አሰብህ። ዳኛው ጥፋቱን እንዳየ ጮኾ በእጁ ይጠቁማል፤ ጨዋታውን ግን ወዲያው አያቆምም፣ ውርወራው የት እንደደረሰ ይጠብቃል። ያ ውርወራ ሯጩን አውት ካደረገው፣ ማለትም ቤዙ ላይ ሳይደርስ ካስቀረው፣ ከነጭራሹ እንዳልተደናቀፈ ይቆጠራል፤ መቺው መምታቱን ይቀጥላል። ካላደረገው «ታይም» ይላል፣ መቺው አውት፣ ሯጮቹ ወደነበሩበት ቤዝ። ጀማሪ ዳኛ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ቸኩሎ ያቆምና ቀላቢው በእጁ የገባውን አውት ይነጥቀዋል።
ሁለት ነገር ልጨምር። መቺው በሦስተኛ ስትራይክ (በመቺው ላይ የሚቆጠር ያልተሳካ ሙከራ) አውት ሆኖ ሳለ ካደናቀፈ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሯጩ ነው። ከሦስተኛው ቤዝ ወደ ሆም በሚሮጥ ሰው ላይ ከሆነና አውቱ ከሁለት ካነሰ ደግሞ ሯጩ አውት፣ መቺው ይቆያል።

የድጓ ተማሪ፦ አባቶች ጨርቋ በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ።

ዘ ሜሪላንድ፦ «ጣልቃ ከገባ» ቢባልስ? ዜና ላይ የለመድነው እሱን ነው።

የድጓ ተማሪ፦ ለመቺው አምባሳደር ይጠራለት? ከሆነ «አወከ» ይሻላል፤ ከግእዙ ሆከ፣ ሁከት ከወጣበት።

ሆም ፕሌት፦ «አወከ» አይሆንም፤ ጫጫታ ይመስላል። ደግሞ ሁለት ቃል ነው የሚያስፈልገን። ኳስ ያልያዘ ተከላካይ የሯጭን መንገድ ሲዘጋ «አገደ» እንበል። ቀላቢው በጓንቱ የመቺውን ዱላ ሲነካ ግን «አደናቀፈ» ነው፤ መቺው አንደኛውን ቤዝ ያገኛል።

ሥርወ ቃል፦ ዱላው ዞሮ ከጀርባ ቀላቢውን ቢመታውስ? ያ ሁከት አይደለም?

ሆም ፕሌት፦ ስቶ ሳያስበው ከሆነ ስትራይክ ብቻ ነው፤ ኳሱ ይሞታል፣ ማንም አይራመድም።

ዘ ሜሪላንድ፦ እ.ኤ.አ. በ1975 የዓለም ተከታታይ ውድድር (ወርልድ ሲሪስ፣ የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ) ሦስተኛ ጨዋታ ላይስ? የሲንሲናቲው መቺ አርምብሪስተር ከቦስተኑ ቀላቢ ከፊስክ ጋር ተጋጭቶ የፊስክ ውርወራ ሜዳ መሐል ገባ፤ ዳኛው ባርኔት ዝም አለ። ሲንሲናቲ በ10ኛው ዙር 6 ለ 5 አሸነፈ።

ሆም ፕሌት፦ እሱ ኳሱን ነክቶ መሮጥ ጀምሯል፤ ስሙ «መቺ» መሆኑ ቀርቷል። የመቺ ሕግ አይዳኘውም። ባርኔት ግጭት ብቻ ነው ብሎ አለፈው፤ ቦስተኖች እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም።

የድጓ ተማሪ፦ «ቀላቢ»ስ? እኔ የማውቀው ቀላቢ እንጀራ የሚሰጥ ነው።

ወለተ ፊደል፦ ይቅርታ፣ «ይወጣል»ስ?

ሥርወ ቃል፦ እሱ ቀላል ነው፤ ከግእዙ ወጽአ ነው የመጣው።

የድጓ ተማሪ፦ በፀሐዩ ፀ! በጸሎቱ ጸ የጻፍከው ማን አስተምሮህ ነው?