የብዕሬ ጭረት አልጠፋ አለኝ

ከአክሪሊክ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ዘንግ በቶርኖ፣ ማለትም እያዞረ በሚቀርጽ ማሽን፣ የሠራሁት የቀለም ብዕር አለ። ክዳኑ መስታወት ሆኖልኛል፤ ያስቸገረኝ ቀፎው ነው። ከ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል) 600፣ 800፣ 1000 እያልኩ እስከ 2000 ድረስ በውሃ እያረጠብኩ አሸሁት፣ ከዚያ በጥጥ ጨርቅ ፖሊሽ አደረግኩት። ከሩቅ ያብለጨልጫል። መብራት ስር አዘንበል አድርጌ ሳየው ግን ዙሪያውን እንደ ቀለበት የከበቡት ቀጫጭን ጭረቶች አሉ፣ በጥፍር እንኳ አይሰሙም፣ ግን አሉ! ቶርኖው እየዞረ ብቻ ስላሸሁት ይሆናል ብዬ አቁሜው በቁመቱ በ2000 ደገምኩት፤ ወይ ፍንክች። ቀፎው የሚጠመዘዝበት ጥርስ (ክሩ) አጠገብ ስስ ስለሆነ ከ400 እንደ አዲስ መጀመር ፈራሁ። ጭረቱ የየትኛው ቁጥር እንደሆነ በምን ለይቼ ነው ወደ ኋላ የምመለሰው?