ሚዲያው አዳልቶ ነበር ወይ? የሐዋሳ ልጆች ክርክር

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ተነስቶ ያልተቋጨ ነገር አለ። ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ ሚዲያው ክልል እንሁን ለሚለው ወገን አዳልቷል የሚል አለ። አላዳላም፣ የራሳችን ስሜት ነው የሚልም አለ። ለማስታወስ ያህል፣ ሲዳማ የራሱ ክልል ይኑረው የሚል የሻፌታን ምልክት መረጠ፤ በደቡብ ክልል ይቀጥል የሚል የጎጆን ምልክት። ምርጫ ቦርድ ባሳወቀው ውጤት 98.51 በመቶው ሻፌታ ሆነ። ውጤቱ ላይ አንከራከርም፣ እሱ አልቋል። ጥያቄው ስለ ዘገባው ነው። ስድብ የለም። ብሔር እየጠሩ መወራረፍም የለም። ጀምሩ።

የታቦር ልጅ፦ አዳልቷል። ግን እናንተ በምትሉት በኩል አይደለም። የአዲስ አበባ ሚዲያ ስለ እኛ ሲያወራ ገና ከአፉ ሲያወጣው "ስጋት" ብሎ ነው። የዞኑ ምክር ቤት ጥያቄውን በሐምሌ 2010 በሕጉ መሠረት አቀረበ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጃል ይላል። ዓመቱ ዝም ተብሎ አለቀ። ይህን ረጋ ብሎ ያስረዳ ፕሮግራም ስንት አያችሁ? ሐምሌ 11 ቀን 2011 ረብሻ ሲነሳ ግን ወሬው ሁሉ ሐዋሳ ሆነ። በዚያው ሰሞን ሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክ ከአየር ወረደ፣ ኃላፊዎቹም ታሰሩ። ግንቦት 16 ቀን 1994 እዚሁ ሐዋሳ አጠገብ ሎቄ ላይ ሰልፈኛ ሲገደልስ? ያኔ የሐዋሳን ነገር የሚያነሳ ማን ነበር? እንግዲህ ሕዝቡ ወደ ኮሮጆው ሲደርስ ትንሽ ቢደሰትና ደስታው በቴሌቪዥን ቢታይ "ሚዲያው አዳላ" ይባላል። ተዉ እንጂ።

ሐይቅ ዳር፦ ወንድሜ፣ የሎቄውን ሐዘን ማንም አይክድህም። ግን ወደ ኅዳር እንምጣ። በዚያ ሰሞን ሱቄ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም ነበር። ለጎጆ የሚከራከር አንድ ሰው አላየሁም። አንድም! ሻፌታው ቲሸርት ላይ ነው፣ ባነር ላይ ነው፣ መኪና ላይ ነው። ጎጆን ያየሁት እንዴት እንደሚመረጥ በሚያስተምረው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ሐዋሳ ደግሞ የሁሉ ቤት ናት። ወላይታው አለ፣ ጉራጌው አለ፣ ከምባታው፣ አማራው፣ ኦሮሞው አለ። ያኔ የደቡብ ክልል መቀመጫም ነበረች። የክልሉ ቢሮዎች ወዴት ይሄዳሉ? ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ምን ይሆናል? የልጆቻችን ትምህርት በምን ቋንቋ ይቀጥላል? ደንበኛ ዘይት ሊገዛ መጥቶ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነበር። ቴሌቪዥኑ ግን ጭፈራ ያሳየናል።

ባጃጅ፦ እኔም ለጥፌ ነበር ሻፌታ። ካልለጠፍክ ተሳፋሪው "ምነው?" ይልሃላ። የቱን እንደመረጥኩ ግን አልናገርም።

የታቦር ልጅ፦ ተናግረሃል እኮ አሁን።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮትላንድ ከብሪታኒያ ትውጣ ወይስ ትቆይ ተብሎ ድምፅ ሊሰጥ አራት ቀን ሲቀረው፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ግላስጎው ቢቢሲ ደጃፍ ላይ ወጥቶ "አዳላችሁ" እያለ ጮኸ። መነሻው አንድ ዜና ነው። የቢቢሲው የፖለቲካ አርታኢ የስኮትላንዱን መሪ አሌክስ ሳልመንድን በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ስለ አንድ ትልቅ ባንክ ወደ ለንደን መዛወር ጠየቃቸው። ማታ ዜናው ላይ "አልመለሱልኝም" አለ። ደጋፊዎቻቸው ሙሉውን ቪዲዮ አውጥተው "ይኸው፣ ረጅም መልስ ሰጥተዋል፤ ቆርጣችሁ ነው" አሉ። ጋዜጦቹን ካያችሁ ደግሞ፣ ነፃነትን በይፋ የደገፈው ሰንደይ ሄራልድ ብቻ ነበር። ውጤቱ 55.3 ለ44.7 ነው። እንግዲህ ከመቶ ወደ 45 የሚጠጋ ሕዝብ የሚደግፈውን ሐሳብ አንድ ጋዜጣ ብቻ ደገፈው ማለት ነው። ሰው ቢቆጣ ይፈረድበታል?

ለንደን ያለሁት፦ ጋሼ፣ ብሬግዚት ጊዜ፣ ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ ሲባል፣ እዚሁ ነበርኩ፣ ሰኔ 2016 በነሱ አቆጣጠር። እዚህ ጋዜጣ ወገን ይይዛል፣ ነውርም አይደለም። ሰን፣ ዴይሊ ሜይልና ቴሌግራፍ "እንውጣ" ብለው ነበር። ጋርዲያንና ታይምስ "እንቆይ"። የላፍብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘገባውን ለክተውት ነበር። የየጋዜጣው ኅትመት ብዛት ሲታሰብ ከመቶ 80 ያህሉ ወደ "እንውጣ" ያጋደለ ሆነ። ቢቢሲ ግን ከሕዝቡ በሚሰበሰብ ክፍያ የሚተዳደር ስለሆነ ገለልተኛ መሆን አለበት። ምን አደረገ መሰላችሁ? ለሁለቱም ወገን እኩል ደቂቃ። ያናደደኝ እሱ ነው። ከ600 በላይ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ተጠይቀው 88 በመቶው "መውጣት ኢኮኖሚውን ይጎዳል" ብለዋል። ስቱዲዮ ሲመጣ ግን አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ። ተመልካቹ ባለሙያዎቹ እኩል የተከፈሉ ይመስለዋል። ደግሞ ያ የ"እንውጣ" ዘመቻ ቀይ አውቶቡስ አለ። "ለአውሮፓ ኅብረት በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ እንልካለን" ተብሎ ተጽፎበታል። የአገሩ የስታትስቲክስ ባለሥልጣን ራሱ አሳሳች ነው አለ። ብሪታኒያ የሚቀነስላትና የሚመለስላት ገንዘብ አልተቆጠረም። ጋዜጠኞቹም ይህን ተናግረዋል። ግን በተናገሩ ቁጥር ከኋላ የሚታየው ምስል ያው አውቶቡስ ነው፣ ቁጥሩ ፊት ለፊት።

የታቦር ልጅ፦ ለንደን፣ እጅህ ይባረክ! ራስህ መለስክልኝ። እኩል ደቂቃ ማታለል ነው አልክ አይደል? ታዲያ 98 በመቶ በሚደግፈው ነገር ላይ ሐይቅ ዳር ግማሽ በግማሽ ይሁን የምትለው በምን ሒሳብ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ ቆይ፣ እዚህ ላይ አንተን መያዝ አለብኝ። ሁለቱን አታምታታ። "ይህ ነገር ኢኮኖሚውን ይጎዳል ወይ?" ማስረጃ ያለው ጥያቄ ነው፤ ባለሙያ ይመዝነዋል። "ምን ትፈልጋላችሁ?" ግን በማስረጃ አይመዘንም፣ በድምፅ ነው የሚቆጠረው። ኮሮጆው ሳይከፈት 98 መሆኑን ማን ነገረህ? ኅዳር 9 ላይ የተቀመጠ ጋዜጠኛ ውጤቱን አያውቅም። አውቃለሁ ብሎ ከዘገበማ ምርጫው ለምን አስፈለገ? ሕገ መንግሥቱም እኮ አንቀጽ 29 ንዑስ 5 ላይ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ሚዲያ የተለያየ አስተያየት ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ ይመራል ይላል። አብላጫውን አስተናግድ አላለም።

ማይክ፦ እኔ ያኔ ሬዲዮ ላይ ነበርኩ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። እስቲ ከውስጥ ልንገራችሁ። የሕዝብ አስተያየት ሰብስብ ተብዬ ፒያሳ እወጣለሁ። ማይኩን ሳወጣ ግማሹ መንገድ ይቀይራል። የቆመው ደግሞ ሁሉም ሻፌታ ነው። ሁሉም! ማይኩን አጥፍቼ ገመዱን ስጠቀልል ግን አንዳንዱ ጠጋ ይልና ዝቅ ባለ ድምፅ "እኔ እንኳ…" ይላል። "ይህንን ልቅዳው?" ስለው ሄዷል። ስቱዲዮ ተመልሼ የምቆርጠው ከምን ነው? ካለኝ ነው። ሦስት ሰው፣ ለእያንዳንዱ ጥቂት ሰከንድ፣ ጥርት አድርጎ የተናገረው ይመረጣል፣ ከሥሩ ሙዚቃ። አየር ላይ ሲወጣ ከተማው በአንድ አፍ የተናገረ ይመስላል። ማንም ስልክ ደውሎ "ጎጆን አታቅርብ" አላለኝም። አላስፈለገማ። ክልሉ ከሐምሌ ጀምሮ በኮማንድ ፖስት ሥር ነበር። በ2010 እዚህ ከተማ ውስጥ የተነሳውን የብሔር ግጭት ሁሉም ያስታውሳል። ስሙንና ሰፈሩን ጠርቶ ሌላ ሐሳብ የሚናገር ከየት ይምጣ?

ሐይቅ ዳር፦ እንግዲያው ጥፋቱ የእኛ የነዋሪዎቹ ሆነ?

ማይክ፦ አላልኩም። እኔ የምለው ደቂቃ መቁጠር የእኛን ችግር አይነካውም። እንግሊዝ አገር ሁለቱም ወገን ተናጋሪ ሞልቶታል፤ ጣጣው ሁለቱን እኩል አስመስሎ ማቅረቡ ነበር። እኛ ጋ አንደኛው ወገን ሰው የለውም። ባዶ ወንበር አስቀምጠህ ግማሽ ሰዓት ብትሰጠው ምን ይናገራል? መፍትሔው ሌላ ነበር። የቀረውን ሰው ጥያቄ ጋዜጠኛው ራሱ ይጠይቅለት። ቅድም ሐይቅ ዳር የዘረዘረችውን፣ ቢሮው፣ ሠራተኛው፣ ትምህርቱ፣ ይህን ይዘህ የዞኑ ባለሥልጣን ፊት ትቀመጣለህ። ለዚህ የጎጆ ደጋፊ አያስፈልግህም። ለሻፌታ ደጋፊም እኮ መልሱ ይጠቅመዋል፤ ነገ የሚኖርበት ክልል ነው። እኛ ግን የባለሥልጣኑን መግለጫ እንደወረደ ነው የምናነበው።

የታቦር ልጅ፦ ይህችን እቀበላለሁ። የሲዳማ ልጅም ቢሆን መሥሪያ ቤቱ የት እንደሚሆን፣ በጀቱ እንዴት እንደሚካፈል ሳያውቅ ነው የመረጠው። ግን ጥያቄውን የሚጠይቀው የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ ሲሆን ሌላ ነገር ይሸተናል። የለመድነው ነገር አለ። ያው ጥያቄ ከአገሩ ልጅ፣ በሲዳሚኛ ቢመጣ ኖሮ ማንም አይከፋም ነበር። ለዚህ ነው የራሳችን ጣቢያ ያኔ መዘጋቱ የሚያንገበግበኝ።

ባጃጅ፦ የራሳችን ጣቢያ ያኔ ቢኖር ይጠይቅ ነበር ብለህ ነው? ኧረ ባክህ።

ለንደን ያለሁት፦ ባጃጅ ልክ ነው። ስኮትላንዱ ሰንደይ ሄራልድም እኮ ወገን ይዞ ነው የገባው። የራስ ጣቢያ መኖሩና የራስን ወገን መጠየቁ ሁለት ነገር ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ የቅርቡንም አትርሱ። ጥር 29 ቀን 2015 በደቡብ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ነበር። የወላይታውን ውጤት ቦርዱ በተፈጸሙ ጥሰቶች ሰርዞ ሰኔ 12 እንደገና አስመረጠ። እኔ ጥሰት መኖሩን የሰማሁት ከቦርዱ መግለጫ ነው። ከዚያ በፊት ዜና ላይ ሲነገረኝ የነበረው "በሰላም ተጠናቀቀ" ነው። ጋዜጠኛ ምርጫ ጣቢያ ቆሞ ያላየውን ነው ቦርዱ ያየው? ይህ ለማን ማዳላት እንደሚባል ንገሩኝ። ለአንዱም አይደለም። ለጸጥታ ነው።

አወያይ፦ ጋሼ፣ "ለጸጥታ ማዳላት" የምትለው ለብቻዋ ክርክር ይወጣታል። ሐይቅ ዳር፣ ቅድም መልስ ጀምረሽ ነበር።

ሐይቅ ዳር፦ አዎ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው ድምፅ የሰጠው። ሻፌታን ያልመረጠው ከመቶ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም፣ እሺ። ግን ሲቆጠር ከ30 ሺህ በላይ ሰው ነው። ውጤቱ የተነገረ ቀን ማታ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱን "አሁን ምን ተሰማህ?" ያለ ጣቢያ አላየሁም። ምርጫው አልቋል፣ ማንም አያሸንፍበት፣ ማንም አይሸነፍበት። ያኔም አልተጠየቁም።

ማይክ፦ ልጠይቅሽ። ነገ መቅጃ ይዤ ሱቅሽ ብመጣ በስምሽ ትናገሪያለሽ?

ሐይቅ ዳር፦ በስሜ? ድምፄን ቀይርና ና።

የታቦር ልጅ፦ ይኸው! ድምፁ የተቀየረ ሰው ስሰማ እኔ አላምንም። ማን እንደሆነ ሳላውቅ ምኑን ልመነው? "ተከፍሎት ነው" ነው የምለው።

ሐይቅ ዳር፦ አንተ በስሜ ስናገር ታምነኝ ይሆናል። ከአንተ በኋላ የሚሰማው ግን ሱቄን ያውቃታል።